የእማዬ ክሬቲኒን ኖርማል ነው፣ ታዲያ የሽንት ምርመራው ለምን?

ጠያቂ፦ ሰላም ናችሁ? እማዬን ስኳር ከያዛት 9 ዓመት ሆናት። ትናንት የደም ውጤቷ መጣ፣ ክሬቲኒኗ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) ኖርማል ነው ተባልን፣ ደስ ብሎን ልንወጣ ስንል ሐኪሙ የሽንት አልቡሚን (የደም ፕሮቲን ነው አሉ) ካላየሁ አለ። እማዬ ባዶዋን የሽንት ዕቃ በእጇ እንደያዘች "ኩላሊቴ ደህና ነው አላላችሁም እንዴ?" ብላ ተቆጣች፣ ጥላው ወጣች። እውነት ያስፈልጋል ወይስ ገንዘብ ለመብላት ነው?

ላብራቶሪ ነኝ፦ ያስፈልጋል እህቴ። ክሬቲኒን ዘግይቶ ነው የሚናገረው፤ ኩላሊት ግማሽ ያህል አቅሙን አጥቶም ኖርማል ሊመስል ይችላል። አልቡሚን ግን የኩላሊት ማጣሪያ መጎዳት ሲጀምር ቀድሞ ሽንት ውስጥ ይታያል። ከሽንት ክሬቲኒን ጋር ተነጻጽሮ ለአንድ ግራም ክሬቲኒን አልቡሚኑ ከ30 ሚሊግራም በታች ከሆነ ጥሩ ነው። ያቺ ሽንት ውስጥ ተነክራ ቀለም የምትቀይረው ተራ ስትሪፕ ትንሹን መጠን ታሳልፈዋለች፣ በእሷ አትሸወዱ። ስኳር ያለበት ሰው በየዓመቱ ነው መታየት ያለበት።

ስኳሬ፦ የኔ አንዴ 80 ወጥቶ እንቅልፍ አጣሁ። ለካስ የሽንት ኢንፌክሽን ነበረብኝ! ትኩሳትና ከባድ ስፖርትም ከፍ ያደርገዋል። ታክሜ ሲደገም 18። ስለዚህ በአንድ ውጤት አትደንግጡ፣ ደግሞ የጠዋቱን የመጀመሪያ ሽንት ስጡ።

ጠያቂ፦ እሺ፣ ነገ በጠዋት እወስዳታለሁ። ቁጣዋን ማን እንደሚችለው እንጃ።