ደሴ ላይ በሴቶች ቁጠባ ፕሮጀክት ኢንተርን ልገባ ነው፤ ቀበሌ ከመውረዴ በፊት ምን ልወቅ?

ጠያቂ፦ የኩታበሯ
ሰላም ለሁላችሁ። ኢኮኖሚክስ ተመርቄ፣ ደሴ ቢሮ ባለው አንድ ዓለም አቀፍ በጎ አድራጎት ድርጅት በሴቶች የኢኮኖሚ አቅም ማጎልበት ፕሮጀክት የ6 ወር ኢንተርንሺፕ ተሰጥቶኛል። ሥራው ተሁለደሬና ቃሉ ያሉ የቁጠባና ብድር ቡድኖችን መከታተልና በስልክ መረጃ መሰብሰብ ነው። ቡድኑ ጋ ስደርስ መጀመሪያ ምን ልይ? ብዙዎቹ ሴቶች ሙስሊም ስለሆኑ የወለዱ ጉዳይስ እንዴት ይያዛል?

መላሽ፦ ሦስት ቁልፍ
መጀመሪያ የቡድኑ ገንዘብ የሚቀመጥበትን ሳጥን እዪ። ሦስቱ ቁልፎች በሦስት ሴቶች እጅ፣ ሳጥኑ ደግሞ በአራተኛዋ ቤት መሆን አለበት። ከቁልፍ ያዦቹ ሁለቱ እናትና ልጅ ከሆኑ አንድ ቁልፍ ጎደለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ሒሳቡ። አንዷ አባል በአንድ ስብሰባ ከ1 እስከ 5 ዕጣ (የቁጠባ ድርሻ) ትገዛለች። ዋጋው የሚተመነው ከሁሉም ድሃዋ ሳትጨነቅ 1 ዕጣ መግዛት በምትችልበት ልክ ነው። ሱቅ ያላትን አይቶ የተተመነ እንደሆነ ድሆቹ በሁለት በሦስት ወር ውስጥ መቅረት ይጀምራሉ። ምሳሌ ልስጥሽ፦ 20 ሴቶች፣ ዕጣው 20 ብር፣ 40 ስብሰባ፣ በአማካይ 3 ዕጣ። ይህ 2,400 ዕጣ፣ 48,000 ብር ይሆናል። ከብድር የተገኘው ወለድ ተጨምሮ፣ ዙሩ አልቆ ሁሉም ድርሻዋን በምትወስድበት በክፍፍሉ ቀን 57,600 ብር ከተገኘ ለአንድ ዕጣ 24 ብር ይደርሳል፤ 160 ዕጣ ያላት 3,200 ቆጥባ 3,840 ትወስዳለች። ያልተመለሰ ብድር ካለ ይህ ስሌት ይፈርሳል፤ ስለዚህ በመጨረሻው ወር አዲስ ብድር አይሰጥም።

ለሕመምና ለችግር የሚዋጣው ገንዘብ ለብቻው በሌላ ከረጢት ይቀመጥ። «ቅሬ እያለን ይሄ ለምን?» ይሉሻል፤ ቅሬው ለቀብር ነው፣ ይህ ግን ልጅ ሲታመም ለመጓጓዣና ለመድኃኒት ነው።

የድርጅት ገንዘብ ሳጥኑ ውስጥ አይግባ። ኬር የተባለው የእርዳታ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1991 ኒጀር ውስጥ ይህን የቁጠባ ቡድን ዘዴ ሲጀምር ጀምሮ መሠረቱ የአባላቱ የራሳቸው ገንዘብ ነው። የእርዳታ ብር ሲቀላቀል ብድሩም እንደ እርዳታ ይታይና ሳይመለስ ይቀራል።

መላሽ፦ ከሐይቅ ማዶ
ስለ ወለዱ፦ «የአገልግሎት ክፍያ» ብሎ ስም መቀየር የተለመደ ነው፣ ግን ማንንም አያታልልም። በብድሩ መጠንና በወሩ ቁጥር እስከተሰላ ድረስ ሴቶቹም ሼኹም ምን እንደሆነ ያውቁታል። የሚሠሩት መንገዶች ሁለት ናቸው። አንደኛው ብድሩን ያለ ጭማሪ መስጠት ነው፤ ያኔ 20 ብር ገብቶ 20 ብር ይወጣል፣ ጥቅሙ የተጠራቀመው ገንዘብና ከአራጣ አበዳሪ መዳኑ ነው። ሁለተኛው ከሳጥኑ በጋራ እህል ወይም በግ ገዝቶ ትርፉንም ኪሳራውንም በዕጣ መካፈል ነው። ኪሳራውን አስቀድመው ካልተስማሙበት አንድ በግ የሞተ ቀን ቡድኑ ይበተናል።

ክርስቲያንና ሙስሊም የተቀላቀሉበት ቡድን ለሁሉም አንድ ደንብ ይኑረው፤ አንዷ እየጨመረች ሌላዋ ሳትጨምር የምትመልስበት ቡድን አይሰነብትም። አንቺ ሁለቱንም በቁጥር አሳዪያቸውና ውሳኔውን ለነሱ ተዪ።

መላሽ፦ ቅጽ ሞይ
ከሳጥኑ ይልቅ ኢንተርንን የሚያሰናክለው መረጃው ነው። «ገቢሽ ስንት ነው?» ብለሽ የምታገኚው ቁጥር ከንቱ ነው። «ባለፈው ገበያ ምን ሸጥሽ? ስንት አወጣ? ብሩ ማን እጅ ገባ?» በይ። በስሟ ተበድሮ ባል የወሰደው ብድር በመዝገብ ላይ ምንም እንከን አይታይበትም፤ የገዛችውን በግ ዋጋ ማወቅ አለማወቋ ግን ይነግርሻል። ባል አጠገቧ ተቀምጦ ይህን አትጠይቂ።

ስልኩ ላይ ያለው ኮቦ የሚባለው የመረጃ መሰብሰቢያ መተግበሪያ ቀኑን በፈረንጅ ነው የሚይዘው፤ እሷ ግን «ጥር ላይ ተበደርኩ» ትልሻለች። ሳይለወጥ የገባ ወር ሪፖርቱን ያፋልሳል። ያልተጠየቀ ጥያቄ ባዶ ይቀመጥ እንጂ ዜሮ አይሞላ። መሬት በጥማድ ከተነገረሽ በጥማድ መዝግቢ፣ ወደ ሄክታር ቢሮ ይለወጣል።

የብድሩ ጊዜም ከገበያው ጋር ይግጠም። የ3 ወር ብድር በግ ለማድለብ ይበቃል፣ በጉ ግን ከበዓሉ 3 ወር ቀድሞ መገዛት አለበት። አረፋ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ይቀድማል፤ ያለፈውን ዓመት ወር ይዛ የምታደልብ ገበያው ካለፈ በኋላ ትደርሳለች። በእንቁላል ብድር የወሰደችም የመክፈያ ቀኗ በዐቢይ ጾም 55 ቀን ውስጥ እንዳይወድቅ እዪላት። ባቲ ገበያ የሚነግዱ ካሉ ደግሞ ሰኞ ስብሰባ አትጥሪ።

የኩታበሯ
እግዜር ይስጥልኝ። ውሎ አበልና መጓጓዣስ?

መላሽ፦ ሦስት ቁልፍ
ውሉን ከመፈረምሽ በፊት አራት ነገር በጽሑፍ ጠይቂ፦ የመስክ አበል፣ መጓጓዣ፣ የአደጋ መድን፣ ሲያልቅ የሥራ ልምድ ደብዳቤ። ደብዳቤው የሠራሽውን በዝርዝር ይጻፍ፤ «ኢንተርን ነበረች» ብቻ የሚል ወረቀት ለሚቀጥለው ማመልከቻ አይረባም። ቀበሌ ከመግባትሽ በፊትም ከወረዳው ሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት የትብብር ደብዳቤ ያዢ፤ ሁለት ኮፒ፣ አንዱ ቀበሌው ጋ ይቀራል።