ረዳቴ በዕድሜ እናቴ ይሆናሉ፤ ክፍል ውስጥ እንዴት ነው የምንግባባው?

ሚስ_ጉለሌ፦
ሰላም ናችሁ? የግል ትምህርት ቤት ውስጥ ነርሰሪ ነው የማስተምረው፣ ኮሌጅ ጨርሼ የገባሁት ዘንድሮ ነው። ረዳቴ እዚያ ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ልጆቹ የሚወዷቸው ሴት ናቸው። ጸባያቸው ምንም አይወጣለትም። ሥራው ላይ ግን አልተግባባንም። ልጁ "ሀ"ን ራሱ ይሞክር ብዬ እርሳስ ስሰጠው እጁን ይዘው ያጽፉታል። ጃኬቱን ራሱ ይልበስ ብዬ እየጠበቅኩት ከየት መጡ ሳልል ቆልፈውለት ይሄዳሉ። አንዱ አልቀመጥ ብሎ ቀስ ብዬ እያባበልኩት ደግሞ ከኋላ "ዳይሬክተሯን ልጥራብህ?" ይሉታል፣ በቃ የኔ ልፋት እዚያ ላይ አበቃ። ልናገር ስል ይሉኝታ ይይዘኛል። ለዳይሬክተሯ ብነግር የከሰስኳቸው ይመስላል። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ?

የኬጂ_ሰው፦
ለዳይሬክተሯ አሁን አትንገሪ። መጀመሪያ ለምን እጅ ይዘው እንደሚያጽፉ ራሳቸውን ጠይቂያቸው። አብዛኛውን ጊዜ ነገሩ የሚመጣው ከወላጅ ነው። ማታ ደብተሩ ባዶ ከሆነ "ምን ሲሠሩ ዋሉ?" ይባላል፣ በር ላይ ልጅ የሚያስረክቡት ደግሞ እሳቸው ስለሆኑ ወቀሳው መጀመሪያ የሚያርፈው እሳቸው ላይ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ጣቱ ገና አልጠነከረም፤ ሊጥ ማድቦልቦል፣ ዶቃ መሰካት፣ ወረቀት መቅደድ ከእርሳስ ይቀድማል። ይህንን ለወላጅ አንቺ ንገሪ፣ ኮሙኒኬሽን ደብተሩ ላይ ጻፊው። ያኔ ረዳትሽ ገጽ ለመሙላት አይጨነቁም።
ደግሞ ጠዋት ልጆቹ ሳይገቡ ትንሽ አውሩ። "ዛሬ ቀለም እንቀባለን፣ እርስዎ መስኮት በኩል ያሉትን ይያዙልኝ፣ ራሱ እርዳታ እስኪጠይቅ አንንካው" በያቸው። ልጆች ፊት ግን እንዳታርሚያቸው።

ዲሲ_ረዳት፦
እኔ ራሴ ረዳት ነኝ፣ ዲሲ ውስጥ ሕፃናት ማቆያ ነው የምሠራው። እዚህ ረዳትም ሲዲኤ የሚባል ምስክር ወረቀት ይጠየቃል፤ 120 ሰዓት ሥልጠና፣ 480 ሰዓት ከልጆች ጋር የተሠራ ልምድ አለው። ይህን ሁሉ አልፌ እንኳ ዳይፐር ከመቀየር ያለፈ ነገር የምትሰጠኝ አስተማሪ ጥቂት ናት። የሳምንቱ ዕቅድ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ለምን እንደታቀደ ግን የሚነግረኝ የለም። ምክንያቱን ያልተነገረው ሰው የለመደውን ነው የሚሠራው እህቴ።
አንድ ሥራ ሙሉ ለሙሉ ስጫቸው። ተረት ከቻሉ የተረት ሰዓቱ የሳቸው ይሁን። አንቺ ከኋላ ቁጭ ብለሽ ያንን አልቀመጥ ባይ ያዢው፣ ያለ ማስፈራራት እንዴት እንደሚቀመጥም በዓይናቸው ያዩታል። ልጆቹ አንቺን "ሚስ" እሳቸውን "ሞግዚቷ" የሚሉ ከሆነም እሱን አስተካክይ፣ ቀላል ነገር አይደለም።

አቶ_ቅን፦
ሁሉ ነገር በዘወርዋራ አይሆንም። "ልጥራብህ" የሚለውን ፊት ለፊት ንገሪያቸው፣ ለብቻችሁ፣ ቡና ይዛችሁ። "እርስዎ ሲያስፈራሩት እኔን መስማት ይተዋል" ማለት ነውር የለውም። ቁንጥጫ ካየሽ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር የለም፣ በዚያው ቀን ለዳይሬክተሯ ነው የሚነገረው።

ሚስ_ጉለሌ፦
ቁንጥጫስ የለም፣ ተመስገን። የወላጁን ነገር ግን ጭራሽ አላሰብኩትም፣ አመሰግናለሁ። የምሳውስ? ሁሉንም ተራ በተራ ያጎርሷቸዋል፣ ልጆቹም አፋቸውን ከፍተው ይጠብቃሉ።

ዲሲ_ረዳት፦
ኧረ ጉርሻውን አትከልክያቸው! መጨረሻ ላይ አንዳንድ ያጉርሷቸው። መጀመሪያ ግን ምሳ ዕቃውን የሚከፍተውም የሚበላውም ልጁ ራሱ ይሁን፣ ቢያፈስም አብሮ ይጠርጋል። እንዲህ ከሆነ እሳቸውም ቁጭ ብለው ምሳቸውን ይበላሉ።