ራይዘን 5600 ፕሮሰሰር ከቢ450 ማዘርቦርድ ጋር ገጥሜ ስክሪኑ ጥቁር ሆነብኝ፤ ቀሪውን ዕቃ ከመግዛቴ በፊት ምከሩኝ

ባናለባሹ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ያለሁት ደብረ ብርሃን ነው፤ ሥራዬ የሰርግና የምርቃት ቪዲዮ ማቀናበር። እስካሁን የምሠራው በአንድ አሮጌ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 9020 ነበር። ጥር ላይ ሦስት ሰርግ ተደራረበብኝና አንዱን ኤክስፖርት ላይ አድርጌ ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ 61 ፐርሰንት ላይ ደርቆ ቆሟል። የሙሽራዋ እናት እስከ ረፋድ ሦስት ጊዜ ደወሉ። በቃ፣ ዕቃ በዕቃ እየገዛሁ አንድ ደህና ዴስክቶፕ ራሴ እገጥማለሁ ያልኩት ያን ቀን ነው።

ችግሩ እዚህ ላፕቶፕ፣ ቻርጀርና ፍላሽ እንጂ የዴስክቶፕ ዕቃ እንደልብ አይገኝም። የሚገዛልኝ አዲስ አበባ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው። ሹፌር ነው፤ ስለ መኪና ጠይቁት እንጂ ራም ከምን እንደሚለይ አያውቅም (ያንብበው፣ አይቀየመኝም)። ዕቃ ከተሳሳተ 130 ኪሎ ሜትር መመለስ ነው፤ "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" የሚለው ወረቀት ደግሞ የማይለጠፍበት ሱቅ የለም።

እስካሁን እጄ የገባው ይኼ ነው። ራይዘን 5 5600 አዲስ፣ ከነፋኑ። ቢ450 ማዘርቦርድ፣ ማይክሮ ኤቲኤክስ፣ ያገለገለ፣ በቴሌግራም ካገኘሁት ልጅ። ባለ 8 ጊጋ ዲዲአር 4 ራም ሁለት ፍሬ። "500 ዋት" የሚል ፓወር ሰፕላይ በውስጡ ይዞ የመጣ ኬዝ። ግራፊክስ ካርድ ገና ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ያለው ሰርግ ሲከፈለኝ ያገለገለ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር አስቤያለሁ።

ቅዳሜ ማታ አልጋዬ ላይ ባና አንጥፌ ገጠምኩት። ማብሪያውን ስጫን ፋኑ ይዞራል፣ ኬዙ ይበራል፣ ስክሪኑ ግን "ሲግናል የለም" ብሎ ይጠፋል። ራሙን አውጥቼ መለስኩ፣ እግሩን በላጲስ ጠረግኩ፣ በአንድ ፍሬ ብቻ ሞከርኩ፣ የባዮሱን (ኮምፒውተሩ ሲበራ ቀድሞ የሚነሳው የቦርዱ ፕሮግራም) ባትሪ ነቅዬ መለስኩ። ወይ ፍንክች። ሻጩ ጋ ደወልኩ፤ "እኔ ጋ ሲሠራ ነበር" ብሎ ምሎ ተገዘተ፤ ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

ተሸውጃለሁ? ደግሞስ ከዚህ በኋላ የምገዛው ዕቃ ካለኝ ጋር መስማማቱን በምን አውቃለሁ?

ቶሎቶሎ

ተሸውደሃል ወንድሜ። ያገለገለ ማዘርቦርድ ከቴሌግራም ይገዛል እንዴ? ሽጠውና ላፕቶፕ ግዛ።

የድሮ ሬዲዮ

ልጁን ሌባ ከማለታችን በፊት ሁለት ነገር ንገረኝ። የስክሪኑን ገመድ የሰካኸው የት ላይ ነው? ሁለተኛ፣ ማዘርቦርዱ ጠርዝ ላይ ሲፒዩ (ፕሮሰሰሩ)፣ ድራም (ራሙ)፣ ቪጂኤ (ግራፊክሱ)፣ ቡት የሚል የተጻፈባቸው አራት የጤፍ ፍሬ የሚያህሉ መብራቶች ካሉ፣ በርቶ የሚቀረው የትኛው ነው?

ባናለባሹ

ገመዱ ማዘርቦርዱ ጀርባ ኤችዲኤምአዩ ላይ ነው፤ ሌላ የት ይሰካል? መብራቶቹን አሁን በባትሪ እያበራሁ አየኋቸው፤ እስካሁን ልብ ብያቸው አላውቅም። ሲፒዩ የሚለው ቀይ ሆኖ ይቀራል።

የድሮ ሬዲዮ

እንግዲያውስ ሁለት በሽታ ነው ያለብህ፤ አንዱ ሌላውን ሸፍኖታል።

አንደኛው፣ 5600 በውስጡ ግራፊክስ የለውም። ኤችዲኤምአዩ አልሞተም፤ ምስል የሚልክለት አጥቶ ነው። ያ ቀዳዳ የተቀመጠው እንደ 2200ጂ፣ 3200ጂ፣ 5600ጂ ላሉት፣ ከቁጥሩ ኋላ "ጂ" ለያዙት ነው። ኢንቴል ጋ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ 12400 ግራፊክስ አለው፣ 12400ኤፍ ግን የለውም። ይቺ አንዲት ፊደል ስንቱን ሰው አዲስ አበባ አመላልሳለች! ካርድ እስክታስገባ ድረስ ቦርዱ ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም ስክሪንህ ጥቁር ነው።

ሁለተኛውን የምትናገረው ቀይዋ መብራት ናት። የጎደለው ካርድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ቪጂኤ ላይ ነበር የምትቆመው። ሲፒዩ ላይ የምትቆመው ከሦስት በአንዱ ነው፦ ከላይ በግራ በኩል የሚገባው የሲፒዩ የኤሌክትሪክ ገመድ አልተሰካም፤ የፕሮሰሰሩ ፒን ታጥፏል፤ ወይም ቦርዱ ፕሮሰሰሩን አያውቀውም። እኔ ሦስተኛውን እጠረጥራለሁ። ቢ450 በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣ ነው፣ 5600 ደግሞ በ2022። ሁለቱም ሶኬታቸው ኤኤም4 ስለሆነ 1,331ዱም ፒን ሳይታገል ይገባል። ባዮሱ የቆየ ከሆነ ግን የዚህን ፕሮሰሰር ስም ሰምቶ አያውቅም፤ ዝም ይልሃል። ስለዚህ ሶኬቱ ገጠመ ብለህ ተስማሙ አትበል። የቦርዱን ሙሉ ስም አምራቹ ገጽ ላይ ፈልግና "የሚደገፉ ፕሮሰሰሮች" የሚለውን ሠንጠረዥ ክፈት፤ ከእያንዳንዱ ፕሮሰሰር ጎን ከየትኛው የባዮስ ቁጥር ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፏል። የአክስትህ ልጅ ሱቅ ሳይገባ ይኼን አንተ ቤትህ ሆነህ ታየዋለህ።

እኔ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ሰፈር ነኝ። ድሮ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ነበር የምጠግነው፤ አሁን የመጣውን ሁሉ ነው። ከአንድ ከሞተ ማሽን ያወጣሁት ራይዘን 3 2200ጂ መሳቢያዬ ውስጥ አለ፤ እሱ ግራፊክስ አለው፣ የቆየ ባዮስም ያውቀዋል። አምጣውና በእሱ አስነስተን ባዮሱን እናድሰዋለን። አዲሱን ባዮስ አስቀድመህ አውርደህ ፋት32 በሚባለው ዓይነት ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ይዘህ ና፤ አንዳንድ ቦርድ መሀል ላይ ሌላ ባዮስ አስቀድም ስለሚል ማስታወሻውን ሳታነብ እንዳታወርድ።

ደግሞ አደራ! ፋኑን ለመንቀል ብሎኖቹን ፈትተህ ዝም ብለህ ወደ ላይ እንዳትጎትት። ኤኤም4 ፕሮሰሰሩን የሚይዘው ከታች በፒኑ ብቻ ነው። በዚህ ብርድ በፕሮሰሰሩና በፋኑ መሀል የተቀባው ፔስት እንደ ሙጫ ስለሚጠነክር ፕሮሰሰሩን ከነፋኑ መንጭቆ ያወጣዋል፣ ፒኑም ይታጠፋል። አሥር ደቂቃ አብርተህ አሙቀው፣ አጥፋው፣ ገመዱን ንቀል፣ ከዚያ ፋኑን ግራና ቀኝ እያዞርክ አላቅቀው። ባናውን ደግሞ ለእንቅልፍ ተወው። በደረቅ አየር የበግ ጠጉር ላይ ቦርድ ማገላበጥ ዕቃ የሚያቃጥል ስታቲክ ኤሌክትሪክ መጥራት ነው፤ ጠጉሩም ፋኑ ውስጥ ይገባል። ጠረጴዛ፣ ካርቶን፣ እጅህን ደግሞ በየመሀሉ የኬዙ ባዶ ብረት ላይ።

ቆለኛው

ሸዋ ሮቢት። ጋሼ የተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ እኔን ያስፈራኝ ያ "500 ዋት" የሚለው ፓወር ሰፕላይ ነው። ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት አንብብልንማ፤ +12 ቮልት የሚለው ስንት አምፔር ነው?

ባናለባሹ

18 አምፔር ይላል። የድሮው ዴል ፓወር ሰፕላይም አለኝ፤ ደህና ይመዝናል። እሱን ባዞረውስ?

ቆለኛው

12 ሲባዛ በ18 ስንት ነው? 216 ዋት። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚያ መስመር ነው፤ ላዩ ላይ 500 የተጻፈው ለገበያ ነው። 1660 ሱፐር ለብቻው 125 ዋት፣ 5600 በወረቀት 65፤ ሥራ ሲበዛበት ትንሽ ያልፋል። 190 ሄደ። ፋኑ፣ ዲስኩ፣ ማዘርቦርዱ ራሱ ቀሩ። ቢሮ ውስጥ ጽሑፍ ለሚጽፍ ይበቃ ይሆናል፤ አንተ ግን ማታ ሙሉ ኤክስፖርት የምታደርግ ሰው ነህ። ለዚያ ካርድ አምራቹ ራሱ 450 ዋት ነው የሚመክረው። 36 አምፔር ገደማ በ12 ቮልት ያለው፣ 80 ፕላስ የሚል (ኤሌክትሪክ ብዙ እንደማያባክን የሚያሳይ) ምልክት ያለበት ይግዛልህ። እኔ ያለፈው ዓመት እንዲህ ባለ ቀላል ሳጥን ተማምኜ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቦርዱን ይዞብኝ ሄዷል። ሽታው እስከ ማታ አልወጣም።

የዴሉን እርሳው። የ9020 ዋና ገመድ 8 ፒን ነው፣ የአንተ ቦርድ 24 ይፈልጋል። ስለ ገመድ ካነሳን፦ የሲፒዩው 8 እና የካርዱ 8 ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። የሲፒዩው 4 እና 4 ሆኖ ይከፈላል፣ የካርዱ 6 እና 2። አልገባ ካለህ አትግፋ፤ የሌላው ነው ማለት ነው።

ሙቀቱን እንኳ እኔ ነኝ የምፈራው፤ እናንተ እዚያ ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው የምትኖሩት።

የድሮ ሬዲዮ

ብርዱ ያግዛል፣ ግን አየሩም ስስ ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ነው፤ እዚህ ያለ ፋን እንደ ቆላው ፋን ብዙ አየር አይገፋም። ለዚህ ማሽን ችግር የለውም፤ የኬዙን የፊት ቀዳዳ አትዝጋው።

ውርጭ

ከፍታ ከተነሳ አንድ ነገር ላስገባ፤ እኔ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነኝ። የሃርድ ዲስክ ራስ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ነው። ብዙዎቹ ዲስኮች ላይ የሥራ ከፍታ እስከ 3,048 ሜትር ይላል፤ እኛ ከዚያ በላይ ነን፣ አንተ ገና ትንሽ ይቀርሃል። የሰርጎቹን ቪዲዮ የምታስቀምጠው ሃርድ ዲስክ ላይ ይሆናል፤ ሁለት ቦታ አድርገው። ሲስተሙን ግን ኤስኤስዲ ላይ ጫን። ኤም 2 የሚባለውን፣ ቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካውን ኤስኤስዲ ስትገዛ ኤንቪኤምኢ ይሁን ሳታ፣ ቦርድህ የትኛውን እንደሚቀበል እዚያው አምራቹ ገጽ ላይ እይ፤ መልካቸው ይመሳሰላል።

ባናለባሹ

ዛሬ ጋሼ ጋ ሄጄ ተመለስኩ፤ እንዳለ ልጻፈው።

እንደነገሩኝ አሙቄ፣ እያዞርኩ ፋኑን አላቀቅኩ። ፕሮሰሰሩን ስናነሳው አንድ ጥግ ላይ ያሉ ሁለት ፒኖች ትንሽ ጋደል ብለዋል፤ ቅዳሜ ማታ ባናው ላይ ያደረግኩት መሆን አለበት። ጋሼ መነጽራቸውን አወለቁ፣ ሌላ መነጽር አደረጉ፣ ትንፋሻቸውን ይዘው በመላጫ ምላጭ ጠርዝ አቀኗቸው። እኔ ማየት አልቻልኩም፤ ውጭ ወጥቼ ቆምኩ።

ከዚያ የእሳቸውን 2200ጂ አስገባን፣ ገመዱን እዚያው ሞተ ያልኩት ኤችዲኤምአይ ላይ ሰካን። ወዲያው ምስል መጣ። የባዮሱ ቀን 2019 ይላል። ሲያድስ መብራት ቢሄድ ቦርዱ ድንጋይ ስለሚሆን ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ላይ አደረግነው፤ ጋሼ ዩፒኤሱንም አላመኑትም፣ አስቀድመው ሶኬቱን ነቅለው ሲሠራ ካዩ በኋላ ነው "እሺ በል" ያሉት። ያ መስመር 100 እስኪሞላ ሁለታችንም ቃል አልተነፈስንም።

5600ውን መለስን። ቀይዋ መብራት ሲፒዩ ላይ ትንሽ ቆየችና ወደ ቪጂኤ ተዛወረች። ስክሪኑ አሁንም ጥቁር ነው፤ እኔ ግን በደስታ ልዘል ነበር። ከመደርደሪያ አንድ አሮጌ ጂቲ 730 አውጥተው ሰኩበት፣ ሠራ። ካርዱን እስከ ፋሲካ ድረስ አውሰውኛል። ራሞቹንም ከሲፒዩው ስንቆጥር ሁለተኛውና አራተኛው ቀዳዳ ላይ አዛወሩልኝ፤ እኔ ጎን ለጎን ነበር የሰካኋቸው።

ሻጩን በሌላ ስልክ ደውዬ አገኘሁት። በምን ፕሮሰሰር ይሠራበት እንደነበር ስጠይቀው "2200ጂ" አለኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት፤ ስልኬን የማያነሳው ግን ስለሰደብኩት እንጂ ስለሸሸ እንዳልሆነ ነግሮኛል። ልክ ነው፣ ሰድቤዋለሁ።

ለአክስቴ ልጅ የላክሁለት መልእክት ይኼ ነው፤ የጎደለ ካለ ንገሩኝ፦ "ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነው የምትገዛው። ሻጩ ስንት ዋት ነው የሚልህን አትስማ። ጎኑ ላይ ያለውን ወረቀት ፎቶ አንስተህ ላክልኝና እዚያው ቁም። 12 ቮልት ከ36 አምፔር በታች ከሆነ ትተኸው ውጣ።"

ቆለኛው

ገመዱ 6 እና 2 እንዳለውም ፎቶ ያንሳ።