የወደቀ የወፍ ጎጆ፣ ሁለት ጫጩቶች። ምን ላብላቸው?

ጠያቂ (ድሬዳዋ፣ ከዚራ)፦
ቡገንቪላው ሲከረከም እንደ ከረጢት የተንጠለጠለ ጎጆ ከነቅርንጫፉ ወረደ። ጫጩቶቹ ላባ የላቸውም፣ ዓይናቸውም አልተገለጠም። ሃሚንግበርድ (የአበባ ማር የምትመጥ ትንሽ ወፍ) መሰሉኝ። ስኳር ውሃ ይሻላል ወይስ ማር? በየስንት ደቂቃው?

መልስ 1፦
አቦ ማሩን ተወው! በውሃ ሲበጠበጥ ቶሎ ይቦካል፣ አፋቸው ውስጥም ፈንገስ ያበቅላል። ሃሚንግበርድ ደግሞ ከአሜሪካ አህጉር ውጭ የለም። የኛዋ አበባ ቀሳሚ ሰንበርድ ናት። ስሙን ያነሳሁት በምክንያት ነው፦ ሃሚንግበርድ ላይ እናት ብቻዋን ታሳድጋለች፣ ሰንበርድ ላይ ግን አባትየውም ያበላል። እናቲቱ ጠፋች ማለት ወላጅ አልባ ሆኑ ማለት አይደለም።

ስለዚህ ከምግቡ በፊት ጎጆውን መልስ። የተቆረጠውን ቅርንጫፍ በሲባጎ እዚያው አካባቢ፣ በነበረበት ከፍታ፣ ጥላ ላይ እሰረው። በጎን ያለችው መግቢያ እንዳትደፈን። ከዚያ ራቅ ብለህ አንድ ሰዓት ተመልከት። «የሰው እጅ ከነካቸው እናት ትተዋቸዋለች» የሚባለው ውሸት ነው።

መልስ 2፦
ወላጆቹ ካልመጡ፣ መጀመሪያ ሙቀት። የቀዘቀዘ ጫጩት የበላውን አይፈጭም። ላባ የሌለው ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ይፈልጋል።

ስኳር ውሃ (1 ማንኪያ ነጭ ስኳር በ4 ማንኪያ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ) ለጥቂት ሰዓት ማቆያ ብቻ ነው። በሱ ብቻ ያደገ ጫጩት ፕሮቲንና ካልሲየም ስለሚያጣ አጥንቱ ይጣመማል። ወላጆቹ የሚያበሉት በብዛት ሸረሪትና ጥቃቅን ነፍሳት ነው። የበሰበሰ ሙዝ ወይም የማንጎ ልጣጭ ማሰሮ ውስጥ አድርገህ አፉ ላይ ጫፉ ጠባብ ቀዳዳ ያለው የወረቀት ፈነል ብታስቀምጥ፣ የፍራፍሬ ዝንብ ራሱ ይገባልሃል። ፍሪዘር ውስጥ አስገብተህ ሲሞት ጨፍልቀው፣ በስኳር ውሃ ጠብታ አላላው።

ለማብሊያ 1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ላይ የቢጫ ካኑላ (ሐኪም ቤት ደም ሥር ውስጥ የሚገባው ቀጭን ቱቦ) ፕላስቲክ ግጠም፤ ብረቱን መርፌ አውጥተህ መጣልህን እርግጠኛ ሁን። ከንጋት እስከ ምሽት በየ20 እስከ 30 ደቂቃው፣ አፉን ሲከፍት ብቻ። ምላሱ ሥር ያለችው ቀዳዳ የአየር ቧንቧ ናት፤ እዚያ የገባ ጠብታ ይገድለዋል። ከበላ በኋላ በነጭ ስስ ከረጢት የተጠቀለለ ኩስ ይጥላል። ያ ከቀረ ውሃ አጥሮታል ወይም አልጠገበም። የፈሰሰውን ስኳር ወዲያው በእርጥብ ጥጥ ጥረግ፤ ከደረቀ ላባው ተጣብቆ ይቀራል።

መልስ 3 (ሐረር)፦
እኛ ጋ ችግሩ የሌሊት ብርድ ነው፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ ቶሎ ቶሎ ይቀየራል። ድሬ ግን ቀን ላይ ቆርቆሮ ሥር ይቀቀላሉ። አፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ርቧቸው ሳይሆን ሞቋቸው ነውና አታብላ፣ ወደ ጥላ አውጣ።

ጠያቂ፦
አንደኛው ወላጅ መጥቶ አበላ። ግን ጉንዳን ቅርንጫፉ ላይ እየወጣ ነው።

መልስ 1፦
ቅርንጫፉ ላይ፣ ከጎጆው ራቅ አድርገህ፣ ጨርቅ ጠምጥምና ቫዝሊን ለቅልቅበት። ሌሎች ቅርንጫፎች ጎጆውን እንዳይነኩ ቁረጥ፣ አለዚያ በዚያ ይዞራል። መርዝ አትርጭ፣ የሚያበሉትን ነፍሳት ትገድልባቸዋለህ።