ጥቆማ፦ ስኩል ባስ ለመንዳት ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) የት ልማር? ካውንቲ ወይስ የግል ትምህርት ቤት?

የሁለት ልጆች እናት
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ስምንት ዓመት ፓርኪንግ ሠርቻለሁ። አሁን ግን የማታው ፈረቃ አቃተኝ። ልጆቼ አራተኛና ሰባተኛ ክፍል ናቸው። ስገባ ተኝተው ነው የማገኛቸው። ስኩል ባስ ብነዳ እነሱ ሲማሩ እሠራለሁ፣ ትምህርት ሲዘጋ አብሬያቸው እሆናለሁ ብዬ አሰብኩ። ከቫን በላይ ነድቼ አላውቅም። አንድ የግል ትምህርት ቤት 3,200 ዶላር ጠየቀኝ፤ በአራት ሳምንት ትጨርሻለሽ አሉኝ። ካውንቲው ደግሞ በነፃ ያስተምራል ይባላል። የቱ ይሻለኛል? ለጽሑፍ ፈተናውስ የትኛውን አፕ ልግዛ? የሞከራችሁት ንገሩኝ።

ቢጫው ባስ
እህቴ፣ ገንዘብሽን ያዢ። ሞንጎምሪ ካውንቲ ስነዳ ስድስተኛ ዓመቴ ነው። ስማር ሰዓቴ እየተቆጠረ ይከፈለኝ ነበር። ማዶ ቨርጂኒያ ያለው ፌርፋክስም በሥልጠና ላይ ይከፍላል። የምትማሪውም የምትፈተኚውም በራሱ በስኩል ባስ ነው። አፕ አትግዢ። የሲዲኤል ማኑዋሉን ከኤምቪኤ፣ ማለትም ከሜሪላንድ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት፣ ድረ ገጽ በነፃ አውርጂው። ከክፍል 1 እስከ 3 ለጠቅላላ ዕውቀት ነው፣ 4 ስለ ተሳፋሪ፣ 5 ስለ ኤር ብሬክ (በአየር ግፊት የሚሠራ ፍሬን)፣ 10 ስለ ስኩል ባስ። የፈተናው ጥያቄ የሚወጣው ከዚያው ነው። ለማለፍ 80 ከመቶ ያስፈልግሻል።

ኡበር የሰለቸው
ለምን ስኩል ባስ? ክላስ ኤ፣ የተሳቢውን ፈቃድ፣ አውጪና ትራክ ንጂ። ባሌ በሁለት ዓመት ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል። የስኩል ባስ ሥራ የአሥር ወር ነው፤ ሰመር ላይ ምን ትበያለሽ?

የሁለት ልጆች እናት
ትራክ ከቤት ያርቀኛል። እኔ የምፈልገው ከልጆቼ ጋር ራት መብላት ነው።

ተቃጥያለሁ
ስለ ግል ትምህርት ቤት ከተነሳ የእኔን ስሙኝ። ስሙን አልጠራም። 3,500 ዶላር ከፈልኩ። ግማሹ ከእህቴ የተበደርኩት ነው። ስመዘገብ “ስኩል ባስ ነው የምፈልገው” አልኳቸው። “ችግር የለም፣ ክላስ ቢ ይበቃሃል” አሉኝ፤ ተሳቢ ለሌለው ከባድ መኪና የሚሰጠው ማለት ነው። ያስተማሩኝ በጭነት መኪና ነው፣ የተፈተንኩትም በሱው ነው። አለፍኩ። ካርዴን ይዤ እየሳቅኩ ወደ ሥራ ቅጥር ሄድኩ። ሴትዮዋ ካርዱን ገልበጥ አድርጋ አየችና “ፒ እና ኤስ የታሉ?” አለችኝ። ፒ ለተሳፋሪ ነው፣ ኤስ ለስኩል ባስ። ሁለቱም የሉም። ለነሱ እንደገና ሥልጠና፣ እንደገና የጽሑፍ ፈተና፣ እንደገና የመንገድ ፈተና ያስፈልጋል፤ ያውም በስኩል ባስ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ አንድም ባስ አልነበረውም። ገንዘቤን ስጠይቅ “የፈረምከውን አንብብ” አሉኝ። የእህቴን ብድር አሁንም እየከፈልኩ ነው።

ሳምሪ
ኧረ በጌታ! የት ነው? ስሙን በውስጥ ላክልኝ።

የአርሊንግተኑ
እኔም ቅርብ የሆነ ነገር ደርሶብኛል። የኔዎቹ ባስ አላቸው፤ ግን ለአሥራ አንድ ሰው አንድ ባስ ነው። በቀን መሪ የያዝኩት ሃያ ደቂቃ ቢሆን ነው። ቀሪውን ከኋላ ወንበር ቁጭ ብዬ ሰው ሲነዳ አያለሁ።

ሳምሪ
የአንተንም ስም በውስጥ ላክልኝ።

ኪሩቤል ነኝ
ይሄ ሁሉ የሚሆነው ሐበሻ አስተማሪ ትታችሁ ስለምትሄዱ ነው። እኔ የተማርኩት አሌክሳንድሪያ ካሉት ጋሼ ጋ ነው። እሳቸውን የሚያህል የለም። በአማርኛ ያስረዱሃል፤ ብትሳሳት አይቆጡም። ስድስት ጓደኞቼን ወስጄላቸዋለሁ። በሦስት ቀን ነው ያለፍኩት። ሌላ ቦታ አትድከሚ።

ተቃጥያለሁ
ስኩል ባስ አላቸው?

ኪሩቤል ነኝ
እሱን አልጠየቅኳቸውም። እኔ የተፈተንኩት በትራክ ነው። ግን ሰውየው ጨዋ ናቸው።

ቢጫው ባስ
ወንድሜ፣ መቼ ነው የተማርከው?

ኪሩቤል ነኝ
በፈረንጆቹ 2016።

ቢጫው ባስ
በሱ ጊዜ ትክክል ነህ። ከፌብሩዋሪ 7፣ 2022 ወዲህ ግን የፌዴራሉ ሕግ ተቀይሯል። ክላስ ኤም ሆነ ቢ አዲስ የሚያወጣ፣ ወይም ፒ ወይም ኤስ መጀመሪያ ጊዜ የሚጨምር ሰው፣ መሠልጠን ያለበት በፌዴራሉ የአሠልጣኞች መዝገብ ላይ ካለ ተቋም ነው። አሠልጣኙ መጨረስሽን በኢንተርኔት ካላስገባ የመንገድ ፈተና አትቀመጪም። ለኤስም እንደዚያው ነው። መዝገቡ ለሁሉም ክፍት ነው፤ ዚፕ ኮድ አስገብተሽ ማየት ትችያለሽ። ስትደውዪ ሦስት ነገር ጠይቂ። መዝገብ ላይ አላችሁ ወይ? ፒ እና ኤስ ታሠለጥናላችሁ ወይ? የምፈተንበት ስኩል ባስ አላችሁ ወይ? አንዱን “አይ” ካሉሽ ስልኩን ዝጊ።

ኪሩቤል ነኝ
ሕግ ቢቀየርም ሰው አይቀየርም። አሁንም እሳቸው ጋ ሂጂ።

ታዛቢ
እህታችን የጠየቀችው ስለ ስኩል ባስ ነው። አንዷ ትራክ ንጂ ትላታለች። አንዱ በ2016 ስላለፈው ፈተና ያወራል። የቀራችሁ ካላችሁ ኑ፤ አውሮፕላንም አለ።

ሕዝብ ሁለት
እኔ ደግሞ ጥያቄ አለኝ። አገር ቤት ሕዝብ ሁለት መንጃ ፈቃድ ነበረኝ፤ አዲስ አበባ ባስ ለ19 ዓመት ነድቻለሁ። ይቀየርልኛል?

ቢጫው ባስ
ጋሼ፣ አይቀየርም። የንግድ መንጃ ፈቃድን በተመለከተ አሜሪካ የምትቀበለው የካናዳንና የሜክሲኮን ብቻ ነው። እርስዎም ከዜሮ ነው የሚጀምሩት። ግን እጅዎ ስላለ ከመሪው ጋር አይታገሉም። የሚያታግልዎ ፕሪ ትሪፑ ነው።

የሁለት ልጆች እናት
እሱ ምንድን ነው? ሁሉም ሰው እሱን እያነሳ ያስፈራራኛል።

ቢጫው ባስ
ፈተናው ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ፕሪ ትሪፕ፣ ማለትም ባሱን ዞረሽ መፈተሽ። ቀጥሎ ግቢ ውስጥ ወደ ኋላ መሄድና ማቆም። መጨረሻ መንገድ። ብዙ ሰው የሚወድቀው ገና ሳይነዳ ነው። ፈታኙ ወረቀቱን ይዞ ይከተልሻል። አንቺ እያንዳንዱን ነገር በእጅሽ እየነካሽ ስሙን ትጠሪያለሽ፤ አልተሰነጠቀም፣ አልላላም፣ አያፈስም ትያለሽ። የጎማው ብሎን፣ መብራቱ፣ ስፖኪዮው፣ የአደጋ መውጫ በሮቹ፣ የማቆሚያ ምልክቱ፣ ፊት ለፊት የሚዘረጋው ክንድ። በልብሽ ብታውቂውም በአፍሽ ካልወጣ ነጥብ የለም።

ኤር ብሬኩን ለብቻው አጥኚው። ሞተር አጥፍተሽ፣ ፍሬን ረግጠሽ፣ 1 ደቂቃ ትይዢያለሽ። የአየር ግፊቱ ከ3 ፒ ኤስ አይ (የግፊት መለኪያ ነው) በላይ መውረድ የለበትም። ይህን ቁጥር ከረሳሽ ያን ቀን ወደ ቤት ነሽ። በፕሪ ትሪፑ ኮፈን ከፍቶ ሞተር ማሳየትን ግን አንዳንድ ስቴቶች ለስኩል ባስ ሹፌሮች ትተውላቸዋል፤ የፌዴራሉ መንግሥት ከ2022 ጀምሮ ፈቅዷል። በእናንተ በኩል ይሠራ እንደሆነ አሠልጣኝሽን ጠይቂ።

ሕዝብ ሁለት
ልጄ፣ እውነትህን ነው። የኔ ችግር መኪናው አይደለም፣ ስሙ ነው። 19 ዓመት ባሌስትራ ስል ኖሬ ሊፍ ስፕሪንግ በል ይሉኛል። ቺንጋው ቤልት ሆነ። ክሩስኮቱ ዳሽቦርድ ሆነ። ክላክሱ እንኳ ሆርን ሆነ። እጄ ያውቀዋል፣ አፌ አያውቀውም።

የአርሊንግተኑ
ጋሼ፣ የአባቴን ዘዴ ልንገርዎ። እሱም እንደ እርስዎ አሮጌ ሹፌር ነው። እህቴ ቢጫ ወረቀት ላይ የእንግሊዝኛውን ስም በፊደላችን ጻፈችለት። ከዚያ ፓርኪንግ ውስጥ በቆመችው ኮሮላ ላይ ለጠፈችው። መብራቱ ላይ፣ ጎማው ላይ፣ ስፖኪዮው ላይ። ማታ ማታ ከሥራ ሲገባ መኪናዋን ሦስት ጊዜ እየዞረ ጮክ ብሎ ያነባል። ጎረቤቶቹ በመስኮት ያዩታል። በሦስተኛው ሳምንት ወረቀቱን አነሳችበት፤ ሳይሳሳት ጠራው። ኮሮላ ላይ የሌለውን፣ የማቆሚያ ምልክቱንና የአደጋ በሩን፣ ከስልክ ፎቶ አጠናው። በመጀመሪያው ሙከራ አለፈ።

ሕዝብ ሁለት
እግዜር ይስጥልኝ። ዛሬ ማታ እጀምራለሁ።

ኪሩቤል ነኝ
አሌክሳንድሪያ ያሉት ጋሼ ይሄን ሁሉ በአማርኛ ነው የሚያስረዱት።

ታዛቢ
ማስረዳቱ መልካም ነው፤ ፈተናው ግን በእንግሊዝኛ ነው። በመንዳቱ ፈተና አስተርጓሚ አይፈቀድም። ሕጉም ሹፌሩ ምልክት እንዲያነብ፣ ከሰው ጋር እንዲግባባና ሪፖርት እንዲሞላ ይጠይቃል። ከ2025 ወዲህ መንገድ ላይም ጠበቅ አድርገው ይጠይቃሉ። እህቴ፣ ቅድም የተናገርኩት አንቺን አልነበረም። ነገሩን ደርዝ ላስይዝልሽ። መጀመሪያ የሕክምና ምርመራ ታደርጊያለሽ። ሐኪሙ በፌዴራሉ የሐኪሞች መዝገብ ላይ መኖር አለበት፤ የራስሽ ሐኪም ላይሆን ይችላል። ከዚያ የጽሑፍ ፈተናውን ተፈትነሽ ፐርሚት፣ ማለትም የመለማመጃ ፈቃድ፣ ታወጫለሽ። ፐርሚቱን ይዘሽ ቢያንስ 14 ቀን ሳይሞላሽ የመንዳት ፈተና አይሰጡሽም። ስለዚህ በሳምንት እንጨርስልሻለን የሚልሽን ሰው አትመኚው።

ተቃጥያለሁ
የወረቀት ነገርም አንሱላት። ግሪን ካርድ ወይም ዜግነት ካላት ችግር የለም። ጥገኝነት ጠይቆ በሥራ ፈቃድ ያለ ሰው ግን ይጠንቀቅ። ሴፕቴምበር 2025 የፌዴራሉ መንግሥት ለነሱ የሚሰጠውን ሲዲኤል በጣም አጥብቦት ነበር፤ ጉዳዩ ፍርድ ቤትም ደርሷል። እንደዚህ ያላችሁ፣ ለማንም አንድ ዶላር ሳትከፍሉ የስቴታችሁ መንጃ ፈቃድ መሥሪያ ቤት (ዲኤምቪ ወይም ኤምቪኤ) ሄዳችሁ አሁን ያለውን ጠይቁ። የኔ ጓደኛ ከከፈለ በኋላ ነው የሰማው።

የሁለት ልጆች እናት
እኔ ዜጋ ነኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ያሳሰበኝ የደም ግፊቴ ነው። ባለፈው ስለካ 146 በ88 አሉኝ።

ሳምሪ
ተልባ ጠጪ። እናቴን ያዳናት እሱ ነው።

ቢጫው ባስ
ከ140 በ90 በታች ከሆነ ለሁለት ዓመት ነው የሚሰጡሽ። በአንቺ ቁጥር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ለአንድ ዓመት ይሰጡሻል እንጂ አይከለክሉሽም። የምትወስጂው መድኃኒት ካለ ስሙን ጽፈሽ ሂጂ። በዚያን ቀን ጠዋት ቡናውን ተይው፤ ቀደም ብለሽ ድረሺና አሥር ደቂቃ ቁጭ በዪ። የዕፅ ምርመራም አለ። ማሪዋና ሜሪላንድ ውስጥ ቢፈቀድም ለሲዲኤል አይፈቀድም። ይሄን የምጽፈው ለሚያነበው ሁሉ ነው።

ኡበር የሰለቸው
ሰመር ላይ ምን ትበያለሽ ያልኩት አልተመለሰም።

ቢጫው ባስ
እውነት ነው፣ ሰመር ይከብዳል። እኔ የሰመር ትምህርት መስመር እጠይቃለሁ፤ ሲጎድል ኡበር እሠራለሁ። ቀኑም የተከፈለ ነው። ጠዋት በጨለማ ትወጪያለሽ፣ እኩለ ቀን ላይ ቤትሽ ነሽ፣ ከሰዓት ትመለሻለሽ። ግን ኢንሹራንሱ ለቤተሰቤ ሁሉ ነው። ሴት ልጄ ጥርሷን ያሠራችው በሱ ነው። ከልጆቼ ጋር ራት እበላለሁ።

የሁለት ልጆች እናት
እሺ። አንድ የመጨረሻ ነገር ልጠይቅህ። ከመንዳቱ ይልቅ ልጆቹ ናቸው የሚያስፈሩኝ። አንዱ ከባሱ ፊት ለፊት ቢገባብኝስ? አንዱን ረስቼ ብወጣስ? ማታ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

ቢጫው ባስ
ፍርሃቱ ጥሩ ነው፤ ጠብቂው። በየአቅጣጫው 10 ጫማ አደገኛ ቦታ ነው፤ ከፊት ደግሞ እስከ 30 ጫማ ይደርሳል። ሲወርዱ እቆጥራለሁ፤ ቁጥሩ ካልሞላ ፍሬን አልለቅም። ባቡር ሐዲድ ላይ ከ15 እስከ 50 ጫማ ርቄ እቆማለሁ፣ በሩንና መስኮቱን ከፍቼ አዳምጣለሁ። ልጆቹም ለምደው ዝም ይላሉ።

ስለ መርሳት ልንገርሽ። በእኔ ባስ ሞተር ሳጠፋ ማስጠንቀቂያ ይጮኻል። ማጥፊያው ያለው መጨረሻው ወንበር ጋ ነው። ሄደሽ ካልተጫንሽው ዝም አይልም። አንድ የካቲት ጠዋት፣ በረዶ ጥሎ ነበር፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት አውርጄ ማጥፊያውን ልጫን ወደ ኋላ ሄድኩ። ሁሌም ከወንበር በታች ነው የማየው። ዘጠነኛው ረድፍ ላይ አንድ ሰማያዊ ጓንት ወድቋል። ጎንበስ ስል ጓንቱ እጅ አለው። የኪንደርጋርተን ልጅ ነው፤ ቦርሳውን አቅፎ እወንበሩ ሥር ተኝቷል። እጄ ተንቀጠቀጠ። በሬዲዮ ነገርኳቸው፤ አስተማሪዋ ኮት ሳትለብስ እየሮጠች መጣች። ልጁ ዓይኑን እያሸ “ደረስን?” አለኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ ማስጠንቀቂያው ባይጮኽም ሁለት ጊዜ ነው የምዞረው።

የአርሊንግተኑ
እግዚአብሔር ይጠብቃችሁ።

ሕዝብ ሁለት
አሜን። አገር ቤት ሰርቪስ የሚነዳ ወንድም አለኝ፤ ይሄን አነብለታለሁ።

የሁለት ልጆች እናት
እንባዬ መጣ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ሰኞ ጠዋት ቀጠሮ ይዣለሁ። ጸልዩልኝ።

ታዛቢ
ጎሽ! የት ነው ቀጠሮው? ካውንቲ ነው ወይስ ግል?

ሳምሪ
ተቃጥያለሁ፣ የትምህርት ቤቱን ስም እስካሁን አልላክህልኝም።