ነገ ጠዋት የሚመለስ መስቀለኛ ቃል፤ አራት ፍንጮች አልፈታ አሉኝ

የለገሃሬዋ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። የንባብ ክበባችን ያወጣውን መስቀለኛ ቃል ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ከዚራ ወስጄ ማስረከብ አለብኝ፤ የቀረውን ሁሉ ሞልቼ በእነዚህ አራት ፍንጮች ላይ ቆሜያለሁ። አግድም 1፦ «ምክንያትን ድሬዎች ይኖሩበታል»። ቁልቁል 1፦ «ገበሬው ማሳውን ሲገለብጥ የሚለበልብ ወጣ»። አግድም 6፦ «ጀግና ሲጀምር ጎል አግብቶ ሐረርን አጠረ»። ቁልቁል 8፦ «ራስ ቢዞር እንጀራ ነው»። ለገበሬው «እሳት»፣ ለሐረር ደግሞ ስታጥር «ሐር» ትሆናለች ብዬ ብሞክር ሁለቱም አልገጠሙም። መዝገበ ቃላት ገልጬም ምንም አላገኘሁ። አዘጋጁ ሰዋስው የሳተ ይመስለኛል። እባካችሁ ፍጠኑልኝ።

ደጫቱ ማዶ፦
በእንቆቅልሽ ሕግ መልስ የጠፋው ሰው አገር ይሰጣል፤ ስለዚህ እኔ ለጊዜው ድሬን ሰጥቼሽ ልቀመጥ። ለእያንዳንዱ መልስ ስንት ሳጥን እንደተሰጠው ካልነገርሽን ግን ከተማው ሁሉ ቢሰበሰብም አይፈታልሽም።

የለገሃሬዋ ልጅ፦
በቅደም ተከተል 4፣ 2፣ 3 እና 2 ናቸው።

ባለቀለም፦
ልጄ፣ መዝገበ ቃላት የሚረዳሽ ፍንጩ የቃል ፍቺ ብቻ ሲሆን ነው። አርተር ዊን እ.ኤ.አ. በ1913 በኒው ዮርክ ወርልድ ጋዜጣ ላይ ባወጣው የመጀመሪያ መስቀለኛ ቃል ፍንጮቹ እንዲያ ያሉ ነበሩ፤ ቃሉን ራሱን እየቆራረጠና እየገለበጠ የሚጫወተው ዓይነት የዳበረው ከዚያ በኋላ በብሪታንያ ጋዜጦች ነው። በዚህኛው ዓይነት ቀጥተኛው ፍቺ ከፍንጩ መነሻ ወይም መድረሻ ላይ ይቀመጣል፤ የቀረው ደግሞ ቃሉ ከምን ከምን እንደተሠራ ይናገራል። የቅኔ ተማሪ ኅብረ ቃሉን እንደሚያድን ሁሉ፣ አንቺም ዓረፍተ ነገሩ የሚያሳይሽን ሥዕል ትተሽ በሁለት መንገድ የሚነበበውን ቃል ፈልጊ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ለዚህ ጥበብ እጅግ የተመቸ ነው፤ «አልደረሰም የሚሉት በዓል» ቢባል መልሱ «ገና» ይሆናል፣ በዓሉን አጥብቀሽ ሌላውን አላልተሽ ስታነቢው። አሁንም ገበሬውን ተዪውና «ገለበጠ» የሚለውን ግስ ተመልከቺ።

የኤረር በር፦
እኅቴ፣ አዘጋጁ ሰዋስው የሳተ መሆኑን አልቀበልም። «ሐረር አጠረ» ቢል ኖሮ አጭር ሆነ ማለት ይሆን ነበር። እሱ ግን «ሐረርን» ብሏል፤ ያቺ «ን» አጥር መታጠሩን ትነግርሻለች፣ ሐረርን ያጠረው ደግሞ በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠራው ግንብ ነው። «ጀግና ሲጀምር» የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል «ጀ» ነው፣ «ጎል» ይከተለዋል፤ ጀጎል። ፍቺው «ሐረርን አጠረ» ብቻ ነው፤ ጀግናውም ኳሱም ፊደል ለማቀበል የመጡ ናቸው።

ሰላም ለሁሉ፦
አግድም 6 ጀጎል ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የሐረር ግንብ ማለት ነው።

ደጫቱ ማዶ፦
አገሬን መልሺልኝ፤ ሁለቱን አግኝቻለሁ። አግድም 1 እና ቁልቁል 1 ቁጥራቸው አንድ ስለሆነ የሚጀምሩት በአንድ ሳጥን፣ በአንድ ፊደል ነው። ባለቀለም እንዳሉት «ማሳ» የሚለው ቃል ሲገለበጥ «ሳማ» ይሆናል፤ ሳማ እንዴት እንደሚለበልብ የነካው ያውቃል። እንግዲያው የአግድም 1 መነሻ «ሳ» ነው። «በዝናቡ ሳቢያ» እንደምንለው ምክንያት ሳቢያም ይባላል፤ «ምክንያትን» ሲል ያችው «ን» አብራ ትጻፍና ሳቢያን ሆና ሰፈራችን ትወጣለች። የዚህን ፍንጭ አዘጋጅ እጁን ብጨብጠው ደስ ይለኛል።

የለገሃሬዋ ልጅ፦
ሦስቱም ገጠሙ፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁልቁል 8ም «ራስ» ሲዞር «ስራ»፣ እንጀራም መተዳደሪያ መሆኑ ገብቶኛል። ነገር ግን ከዚያው ሳጥን የሚነሣው አግድም 8 «ሥጋ» ነው፤ የመጀመሪያው ፊደል በንጉሡ «ሠ» ተጽፏል።

ባለቀለም፦
እንግዲህ ይህኛው ፍንጭ ጉድለት አለበት። «ራስ» ከግዕዙ «ርእስ» የመጣ ስለሆነ በእሳቱ «ሰ» ይጻፋል፤ «ሥራ» ግን እንደ «ሥጋ» በንጉሡ «ሠ» ነው። ራስ ቢገለበጥ ሥራን አይወልድም። ፊደል መገልበጥን የጨዋታው መሠረት ያደረገ ሰው ለፊደሉ ሥርዓት ሊጠነቀቅ ይገባዋል።

የኤረር በር፦
ክርክርዎ በግዕዝ በኩል ትክክል ነው፤ ነገር ግን ዛሬ አብዛኛው ሰው በጽሑፍ ሁለቱን «ሰ» እያቀያየረ ስለሚጠቀም አዘጋጁ እንደ አንድ ፊደል ቆጥሯቸው ይሆናል። እኅቴ፣ ከውድድሩ መመሪያ ላይ ድምፃቸው አንድ የሆነ ፊደላት እንደ አንድ ይቆጠራሉ የሚል መስመር መኖሩን አይተሻል?

ሰላም ለሁሉ፦
ቁልቁል 1 ሳማ ነው።

ደጫቱ ማዶ፦
መስመሩ ባይኖርም «ሥራ» ብለሽ አስረክቢ። «ሥጋ»ን የሚያስለውጥ ምንም ምክንያት የለም፤ አንድ ሳጥን ደግሞ ሁለት ፊደል አይይዝም።