መምህራን የሪኮመንዴሽን ደብዳቤውን ራሳቸው እንዲጽፉ እንዴት እንርዳቸው?

አሜሪካ ውስጥ የባዮሎጂ የዶክትሬት ተማሪ ነኝ። ከጥቂት ባልደረቦቼ ጋር ሆነን፣ ከአዲስ አበባ ርቀው በሚገኙ ዩኒቨርሲቲዎች ተምረው ለዶክትሬት የሚያመለክቱና በቤተሰባቸውም ሆነ በትምህርት ክፍላቸው መንገዱን የሚያሳያቸው ሰው የሌላቸውን ወጣቶች በበጎ ፈቃድ እናማክራለን።

በዓላማ መግለጫው፣ በእንግሊዝኛ ፈተናውና የማመልከቻ ክፍያ እንዲቀርላቸው በመጠየቁ በኩል ብዙ አልተቸገርንም። የተቸገርነው በሪኮመንዴሽን ደብዳቤ ነው። ፕሮግራሞቹ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ ብዙዎቹ የጂአርኢ (ለድኅረ ምረቃ ትምህርት መግቢያ የሚወሰድ ፈተና) ውጤት መጠየቅ ስላቆሙም ደብዳቤው ከቀድሞው የበለጠ ይመዝናል። አመልካቹ አብዛኛውን ጊዜ ደብዳቤውን የማየት መብቱን እንደተወ በቅጹ ላይ ያረጋግጣል፤ መምህሩ ግን «ጽፈህ አምጣልኝ፣ እኔ እፈርማለሁ» ይለዋል። በማስተማር ጫና የተወጠረ መምህር እንዲህ ቢል አልፈርድበትም፤ ሆኖም ተማሪው የጻፈው ደብዳቤ የመምህሩ ምስክርነት ሊሆን አይችልም።

መፍትሔ ይሆናል ብለን የተማሪውን የመመረቂያ ጥናት፣ በቤተ ሙከራ የሠራውንና ውጤቱን የያዘ አንድ ገጽ ማስታወሻ ለመምህራኑ መላክ ጀመርን። አንዳንዶቹ ስለ አቀራረቡ አስተያየት እንድንሰጣቸው ረቂቃቸውን ሲልኩልን ግን ማስታወሻችን ቃል በቃል ተገልብጦ አገኘነው፤ የአንድ አመልካች ሁለት ደብዳቤዎችም መንታ ሆነው መጡ። ማስታወሻውን ስናሳጥረው ደግሞ «ትጉህና ጨዋ ተማሪ ነው» ከማለት የማያልፍ ባለ አራት መስመር ደብዳቤ ተላከልን። መምህሩን በስልክ ጠይቀን መልሱን በጽሑፍ እናደራጅለት የሚል ሐሳብ ቢነሳም፣ ደብዳቤው የእኛ እንዳይሆን ስለሰጋን ተውነው።

ተመሳሳይ ሥራ የሠራችሁ ወይም ራሳችሁ ለተማሪዎቻችሁ የጻፋችሁ መምህራን፣ ጊዜ የሌለው መምህር ስለ ተማሪው በዓይኑ ያየውን በራሱ ቃል እንዲጽፍ ለማገዝ ምን ዓይነት ጥያቄዎችን ብንልክለት ይሻላል?